አደባባይ መሐል የሚቆም ቅርጻ ቅርጽ ምን ሥራ ይሠራል?

ጥያቄ

አንድ ነባር አደባባይ እንደገና ሲነደፍ አስተያየት እንዲሰጡ ከተጠሩ ነዋሪዎች መካከል አንዱ ነኝ። ሙያዬ ከሥነ ጥበብም ከሥነ ሕንፃም የራቀ በመሆኑ፣ በስብሰባ ላይ የምናገረው ከግል ስሜት ያለፈ መሠረት እንዲኖረው በማሰብ ይህን ጥያቄ አቀርባለሁ። በቀረበልን ፕላን ላይ የእግረኛ መንገዱ ስፋት፣ የሚተከሉት ዛፎች ዓይነትና በመብራት ምሰሶዎች መካከል የሚኖረው ርቀት ሳይቀር በዝርዝር ተጽፏል፤ መሐሉ ላይ ግን አንድ ክብ ተስሎ በውስጡ «ቅርጻ ቅርጽ» ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም አይታይም። ከምን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል ቁመት እንደሚኖረው፣ ስለ ማን ወይም ስለ ምን እንደሚናገር ስንጠይቅ «እሱ በኋላ በጨረታ ይወሰናል» ተባልን።

ውይይቱ ወዲያው ተከፋፈለ። ከፊሉ ተሰብሳቢ የአንድ ታላቅ ሰው ሐውልት ካልቆመበት አደባባዩ መታወቂያ አይኖረውም አለ። ሌላው የማንም መልክ የሌለበት፣ ለዓይን ደስ የሚል ዘመናዊ ቅርጽ ይሻላል ሲል ተከራከረ። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለጥላ፣ ለመቀመጫና ለመጸዳጃ ቤት ይዋል ያሉት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ጭብጨባ አገኙ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ይሁን እንጂ ሁሉም የተናገሩት ምን እንደሚወዱ እንጂ ነገሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ወይም እንደማያስፈልግ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ቅርጻ ቅርጽ በከተማ የሕዝብ ቦታ ላይ ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር ወይም ፏፏቴ ሊሠራው የማይችለው ምን ሥራ አለው? ካለውስ ያ ሥራ የሚሳካው በቀራፂው ችሎታ ነው ወይስ በቦታው? እንደኔ ያለ ሙያው የሌለው ተሳታፊስ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ምን ብሎ ቢጠይቅ ነገሩን ሊያቃና ይችላል?

መልስ፣ ከአንድ የከተማ ነዳፊ

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፦ «ክቡ ለምን መሐል ላይ ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። ፕላን ከላይ ወደ ታች የሚታይ ሥዕል ስለሆነ፣ ወረቀቱ መሐል ላይ ያረፈ ነጥብ ዓይንን ያስደስታል፤ ሥርዓት ያለውም ይመስላል። አደባባዩን የሚጠቀመው ሰው ግን ከላይ አይመለከተውም። ተሽከርካሪ የሚዞርበት አደባባይ ከሆነ መሐሉ እግረኛ የማይደርስበት ደሴት ነው፤ በዚያ የሚቆም ሥራ የቱንም ያህል የተዋጣለት ቢሆን ከመኪና መስኮት ለጥቂት ሰከንዶች የሚታይ የመንገድ ምልክት ሆኖ ይቀራል። የእግረኛ አደባባይ ከሆነ ደግሞ መሐሉ መንገዶች የሚገናኙበት ነጥብ ነው፤ ያንን ነጥብ የሚይዝ ነገር መተላለፊያውን ወይ ይዘጋዋል ወይ አዲስ ሥርዓት ያወጣለታል። ችሎታና ቦታ ተነጣጥለው የሚመዘኑ ባይሆኑም፣ እኔ በሥራዬ እንዳስተዋልሁት ቦታው አንዴ ከተበላሸ ቀራፂው ሊያድነው የሚችለው ጥቂት ነው።

የቦታ ጉዳይ በይድረስ ይድረስ እንደማይወሰን የፍሎሬንስ ሰዎች ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ተረድተውት ነበር (የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ማይክል አንጀሎ «ዳዊት» የተባለውን፣ ከአምስት ሜትር በላይ ቁመት ያለውን የእብነ በረድ ሐውልት ሊጨርስ ሲቃረብ በጥር 1504 ሠላሳ ያህል ሰዎች ተሰብስበው የት ሊቆም እንደሚገባው መከሩ፤ ከተጠሩት መካከል ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺና ቦቲቼሊ ይገኙ ነበር። ሐውልቱ መጀመሪያ የታዘዘው ለካቴድራሉ ከፍታ ሲሆን፣ በመጨረሻ የቆመው ግን በመንግሥት አዳራሹ በር ላይ ነው። በዚህም ምክንያት ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣው ብላቴና ከእርሱ የሚበልጡ ኃይሎችን የማትፈራ የአንዲት ሪፐብሊክ ምልክት ተደርጎ ይታይ ጀመር። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ ትርጉሙን የለወጠው ያ በር ነው። ዋናው ሥራ በ1873 ወደ ቤት ውስጥ ከገባ በኋላ በ1910 በቦታው ቅጂ ቆመ፤ ከቅጂው ፊት ቆሞ ፎቶግራፍ የሚነሣው ሕዝብ ቅር ሲለው ግን አይታይም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። ኦጉስት ሮዳን ለፈረንሳይዋ የካሌ ከተማ የሠራው ሥራ በ1347 ሕዝባቸውን ለማትረፍ ራሳቸውን ለእንግሊዝ ንጉሥ አሳልፈው ስለሰጡ ስድስት ሰዎች ነው። ሮዳን ሰዎቹን አንገታቸው ላይ ገመድ ያለባቸው፣ ከሞት ፊት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሐሳብ የተዋጡ አድርጎ ቀረጻቸው፤ በአደባባዩ ንጣፍ ላይ ከመንገደኛው ጋር ተቀላቅለው እንዲቆሙም ይመኝ ነበር። ከተማይቱ ግን በ1895 ስትመርቀው ከፍ ባለ መደብ ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በብረት አጥር ከለለችው። ወደ ታች የወረደው በ1924፣ ሮዳን ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። መደብ ተራ የድንጋይ ክምር አይደለም፤ «ይህ ሰው ከአንተ በላይ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩ የሚፈለግ ከሆነ ይጻፍ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚጻፈው ማንም ሳያስብበት፣ ሐውልት ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ዛፍ ጥላ ይሰጣል፣ ወንበር ያሳርፋል፤ ቅርጻ ቅርጽ የሚሰጠው አካል ላለው ሰው ሌላ አካልን ነው። ሰው በዙሪያው እየዞረ፣ እየቀረበና እየራቀ ራሱን ይለካበታል፤ የማያውቀውን መንገደኛም ያናግርበታል። በ1970ዎቹ የኒው ዮርክን አደባባዮች በፊልም እየቀረጸ ያጠናው ዊልያም ዋይት፣ ዣን ዱቡፌ በ1972 በአንድ ባንክ ሕንፃ ፊት ባቆመው «አራት ዛፎች» በተባለ ሥራ ዙሪያ ሰዎች ሲሰበሰቡ፣ ከሥሩ ሲቆሙ፣ ሲዳስሱትና ስለ እሱ ሲያወሩ ተመልክቷል። የማይተዋወቁ ሰዎች እንደሚተዋወቁ ሆነው እንዲነጋገሩ ምክንያት የሚሆን ሦስተኛ ነገር ያስፈልጋል የሚል ነበር ትዝብቱ። ፏፏቴም ይህን በከፊል ይሠራል፤ ሆኖም ስለ ፏፏቴ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ የሚከራከር አላጋጠመኝም።

ክርክሩ ራሱ የሥራው አካል ነው። ፒካሶ ለቺካጎ ከተማ በስጦታ ያበረከተው፣ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ቁመት ያለው ብረት በ1967 ሲገለጥ ብዙው ሰው ተቆጣ፤ ወፍ ነው፣ ዝንጀሮ ነው፣ ሴት ናት እየተባለ ተቀለደበት። ፒካሶ ስም ስላልሰጠው መልሱን የሚዘጋ አልነበረም። የሥሩ ተዳፋት ለልጆች መንሸራተቻ ሆነ፤ ከተማይቱም ውላ አድራ የራሷ ምልክት አድርጋ ተቀበለችው።

መልስ፣ ከአንድ ቀራፂ

እኔ ከእጅ ሥራው በኩል የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም በእንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ላይ ስለ ትርጉም ብዙ ይነገርና ስለ ውኃ ማንም አይናገርም። ደጅ የሚቆም ሥራ ዋነኛ ጠላቱ ውኃ ነው። የነሐስ ሐውልት ሲያዩት ድፍን ይምሰል እንጂ ውስጡ ባዶ ነው፤ ግድግዳው ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም። በመጀመሪያ ከጭቃ ይሠራል፣ ከጭቃው ላይ ቅርጽ ይወሰዳል፣ በቅርጹ ውስጥ ሰም ይደረጋል፣ ሰሙ እሳት በሚችል ልባስ ተሸፍኖ ይቀለጥና በለቀቀው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይፈስበታል። ትልቅ ሐውልት በአንድ ጊዜ ስለማይፈስ በቁርጥራጭ ተሠርቶ በብየዳ ይገጣጠማል። በዚህ መካከል ካባው በታጠፈበት፣ ክንዱ ደረቱን በነካበት ቦታ ሁሉ ዝናብ የሚያጠራቅም ጉድጓድ ይፈጠራል። ጥሩ ባለሙያ ውኃው የሚወጣበትን ቀዳዳ ከእይታ ሰውሮ ያበጅለታል፤ ቀዳዳው ከተረሳ ውኃው ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ሐውልቱን ከመደቡ ጋር የሚያያይዙትን የብረት ዘንጎች ይበላቸዋል።

የሁለት ብረቶች ጉርብትናም እንዲሁ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ1886 የተመረቀው የኒው ዮርኩ የነፃነት ሐውልት ላዩ 2.4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የመዳብ ቆዳ ሲሆን ውስጡ የብረት አጽም ነበረው። መዳብና ብረት በእርጥበት ሲነካኩ የሚዝገው ብረቱ ስለሆነ በመካከላቸው መለያ ተደርጎ ነበር፤ መለያው በዘመን ብዛት ሲያልቅ ግን ብረቱ አብጦ ቆዳውን እየገፋ ማላቀቅ ጀመረ። ከ1984 እስከ 1986 በተደረገው እድሳት ቆዳውን የያዙት ዘንጎች በማይዝግ ብረት ተተኩ። በእርስዎ አደባባይ የሚቆመው ሥራ ከዚያ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ሕጉ አንድ ነው፤ ስለዚህ «ውስጡ ከምን ነው?» የሚል ጥያቄ ከ«ላዩ ከምን ነው?» እኩል ይነሣ።

እድሜ ያልተጻፈበት ውል አይፈረም። ደጅ ያለ ነሐስ በየጊዜው ታጥቦ በቀጭኑ ሰም ይቀባል፤ ካልተቀባ የተበከለ ዝናብ ላዩን እየላሰ ከቅንድብ እስከ አገጭ አረንጓዴ የእንባ መስመር ያወርድበታል። የእብነ በረድ ፊት ደግሞ አሲድ ባለበት አየር ቀስ በቀስ ሟሙቶ አፍንጫና ከንፈር ይለሰልሳሉ። ኮርተን የሚባለው ዝገቱ ራሱን የሚከላከል ብረት ጥገና አይፈልግም ይባላል፤ ውኃ የማይተኛበት ከሆነ እውነት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያወርደው ቡናማ እድፍ ግን ነጭ ንጣፍን ያበላሻል፤ በመሆኑም ንጣፉና ብረቱ በአንድ ላይ ሊታሰቡ ይገባል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የነሐስ ቀለም የተቀባ ፋይበርግላስ ነው። በምረቃው ቀን ማንም አይለየውም፤ ፀሐይ ቀለሙን ስትልጠው ግን የተከበረው ሰው ትከሻ ላይ ነጭ ፕላስቲክ ብቅ ይላል፣ በጣት ሲያንኳኩትም እንደ ባዶ ጀሪካን ይጮኻል።

ስለ መንካት አንድ ነገር ልበል። ብዙ አስተዳደሮች እጅን ይፈራሉ፤ አጥር የሚያበጁትም ለዚህ ነው። እጅ የበዛበት ነሐስ ግን ይደምቃል እንጂ አይሞትም፤ ሕዝብ የወደደው ሐውልት ጉልበቱ ወይም የጫማው አፍ በመዳሰስ ብዛት ወርቅማ ሆኖ ሌላው አካሉ እንደ ጠቆረ ይቆያል፤ ይህን የመሰለ የፍቅር ማስረጃ በየትኛውም መጠይቅ አይገኝም። መቀመጫ ይቅደም ላሉትም መልስ አለኝ፦ የመደቡ ጠርዝ አርባ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ቢኖረውና ጠለቅ ተደርጎ ቢሠራ ራሱ አግዳሚ ይሆናል። አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ ግን ግድግዳ ነው። ይህ ልዩነት በፕላኑ ላይ በአንድ ቁጥር ብቻ ይወሰናል፤ ዛሬ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

መልስ፣ ከአንድ የታሪክ መምህር

ከላይ ያሉት ሁለቱ መልሶች ዕውቀት የሞላባቸው ናቸው፤ ሆኖም ሁለቱም ቅርጻ ቅርጹ ቆሞ መኖር እንዳለበት አስቀድመው ተቀብለዋል። እኔ የምጠራጠረው ይህንኑ ነው። በከተማ አደባባይ ላይ ዘላለማዊ ነገር የማቆም ልማድ ከጥንት ጀምሮ የገዢዎች ልማድ ነው፤ የተሸነፈ ወገን እምብዛም ሐውልት አያቆምም። በሮም ካፒቶሊኖ ኮረብታ ላይ የነበረው የአረማዊው የሮም ንጉሠ ነገሥት የማርቆስ አውሬሊዮስ የፈረስ ላይ ሐውልት ከጥንቱ ዘመን ሊተርፍ የቻለው በውበቱ አይደለም፤ በመካከለኛው ዘመን የነበሩ ሰዎች የመጀመሪያው ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ መስሏቸው ስለነበር ነው። ሌሎቹ አረማውያን ነገሥታት ቀልጠው ለሌላ አገልግሎት ውለዋል።

ዘመን ሲለወጥ ደግሞ አደባባዩ የጠብ ሜዳ ይሆናል። በፓሪስ ቫንዶም አደባባይ የናፖሊዮን ዓምድ በ1871 በኮሚውን አብዮተኞች ተገነደሰ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ መልሶ ቆመ። በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ በባሪያ ንግድ የከበረው የኤድዋርድ ኮልስተን ሐውልት በ1895፣ ማለትም ሰውየው ከሞተ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በጎ አድራጊ ተብሎ ቆመ፤ በሰኔ 2020 ሕዝብ ጎትቶ ወደብ ውስጥ ጣለው። አሁን ከነተረጨበት ቀለም በሙዚየም ተጋድሞ ይታያል፤ በእኔ ዕይታ ተጋድሞ የሚናገረው ቆሞ ከተናገረው ይበልጣል። የሃንጋሪዋ የቡዳፔስት ሰዎች ደግሞ የቀደመው የኮሚኒስት ሥርዓት ሐውልቶችን አላቀለጧቸውም፤ ከከተማው ዳር አንድ ላይ ሰብስበው በ1993 እንደ መናፈሻ ከፈቱት፤ ከመሐል ከተማ ሲወጡ ያ ሁሉ የተዘረጋ ክንድ ማንንም የማያዝ ሆነ።

ስለዚህ ክቡን አልቃወምም፤ ባዶ ሆኖ ቢቆይ ግን ይሻላል እላለሁ፤ ወይም በየጊዜው የሚለዋወጥ ነገር ይቁምበት። የለንደኑ ትራፋልጋር አደባባይ አራተኛ መደብ በ1841 ተሠርቶ የታሰበለት የንጉሥ ሐውልት በገንዘብ እጥረት ሳይቆም ቀረ፤ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ባዶውን ቆየ። ከ1999 ጀምሮ ጊዜያዊ ሥራዎች እየተፈራረቁበት ከተማው ስለ ቅርጻ ቅርጽ የሚከራከርበት ዋነኛ ቦታ ሆነ። በ2009 ቀራፂው አንቶኒ ጎርምሊ በነሐስ ፋንታ ሰዎችን አወጣበት፤ ለመቶ ቀናት፣ ሌሊትም ቀንም፣ በዕጣ የተመረጡ 2,400 ሰዎች እያንዳንዳቸው ለአንድ ሰዓት ቆሙበት። ያልተሳካው ሥራ ጊዜው ሲደርስ ይነሣል፣ የማንም ክብር አይነካም።

ይህ ካልሆነ የሚመጣውን የአሜሪካዊው ቀራፂ የሪቻርድ ሴራ ሥራ ያሳያል። በ1981 በኒው ዮርክ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ደጅ ከ36 ሜትር በላይ ርዝመትና ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ቁመት ያለው ያጋደለ የብረት ግድግዳ አቆመ፤ በየቀኑ የሚያቋርጡት ሠራተኞች መንገዳችን ተዘጋ ብለው አቤት አሉ፤ ከስምንት ዓመት ሙግት በኋላ በመጋቢት 1989 በሌሊት ተቆራርጦ ተነሣ። የባለሙያ ጣዕም በሕዝብ ላይ ሲጫን መጨረሻው ይህ ነው።

ጠያቂው

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ መሐሉና ስለ መደቡ ከፍታ የተጻፈውን ለሚቀጥለው ስብሰባ እየገለበጥሁ ነው። የቀረኝ አንድ ነገር አለ። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል በአንድ አደጋ ቤተሰቦቻቸውን ያጡ ሰዎች አሉ፤ ለሟቾቹ መታሰቢያ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ለእነርሱ ባዶ መደብ ወይም በየጊዜው የሚለዋወጥ ሥራ መልስ ሊሆን አይችልም። መልክ ያለው ሐውልት ካልሆነ ደግሞ ልጆቻችን ተረሱ ይላሉ። ይህን እንዴት ታዩታላችሁ?

መልስ፣ ከአንዲት የሥነ ሕንፃ ተማሪ

መታሰቢያ የግድ መልክ ያሻዋል የሚለው ስጋት በዋሽንግተን በቬትናም ጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ ሲሠራም ተነሥቶ ነበር። ለውድድሩ ከቀረቡት 1,421 ንድፎች ያሸነፈው የማያ ሊን ሲሆን እርሷም ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ነበረች። ንድፉ ከመሬት በታች ወረድ እያለ የሚሄድ፣ በማዕዘን የሚገናኝ ሁለት ረጃጅም የጥቁር ግራናይት ግድግዳ ብቻ ነበር፤ ሰው የለበትም፣ ባንዲራ የለበትም። በላዩ ላይ ከ58,000 በላይ ስሞች በፊደል ተራ ሳይሆን በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል ተቀርጸዋል። በዚህም ምክንያት አብረው የሞቱ ጓደኛሞች ስማቸውም ጎን ለጎን ይገኛል፤ ስም የሚፈልግ ሰው ግን ቀኑን ማወቅ ወይም ከመዝገብ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ይህ ችግር ታስቦበት የተተወ ነው። በ1982 ሲመረቅ ክፉኛ የተቃወሙት ነበሩ፤ ለማብረድ ሲባል በ1984 ሦስት ወታደሮችን የሚያሳይ የነሐስ ሐውልት ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ።

ግራናይቱ እንደ መስተዋት የተወለወለ ስለሆነ ስሙን የሚያነብ ሰው ከስሙ ጀርባ የራሱን ፊት ያያል። ቤተሰቦች ወረቀት ለጥፈው ስሙን በእርሳስ እያሹ ያነሡታል፤ ከግድግዳው ሥር አበባና ደብዳቤ ይተዋሉ። ስለዚህ ለእነዚያ ወላጆች «መልክ ይኑረው ወይስ አይኑረው» ብሎ ከመጠየቅ «ሲመጡ ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» ተብለው ቢጠየቁ የተሻለ መልስ የሚገኝ ይመስለኛል። መቀመጥ፣ ስም መዳሰስ፣ መብራት ማብራት፣ ብቻቸውን መሆን የሚሹ ከሆነ ቦታው መንገደኛ ከሚተራመስበት መሐል ፈቀቅ ሊል ይገባዋል።

መጠንም ቢሆን ትልቅ መሆን አይጠበቅበትም። ጉንተር ዴምኒግ የተባለው ጀርመናዊ አርቲስት ከ1992 ጀምሮ በናዚ ዘመን የተገደሉና የተሰደዱ ሰዎች በኖሩበት ቤት ደጅ፣ በእግረኛው ንጣፍ መካከል፣ ከላዩ አሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር የሆነ የናስ ሰሌዳ ያለበት ድንጋይ ይቀብራል፤ በአውሮፓ ልዩ ልዩ አገሮች የተቀበሩት ከ100,000 በላይ ሆነዋል። ለማንበብ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። የሙኒክ ከተማ ግን ስማቸው በእግር መረገጥ የለበትም ያሉትን ሰምታ በሕዝብ መንገድ ላይ እንዳይቀበር ከልክላለች፤ ክርክሩ አሁንም የሚያሳስብ ነው፣ እኔም ከሁለቱ ወደ አንዱ ማዘንበል አልቻልሁም።

መልስ፣ ከከተማ ነዳፊው

የታሪክ መምህሩ የሴራን ሥራ የጠቀሱበት መንገድ ትንሽ መስተካከል ይሻል። በ1985 በተደረገው የሕዝብ አቤቱታ መስሚያ ከተናገሩት 180 ሰዎች መካከል 122ቱ ሥራው ይቆይ ያሉ ሲሆን ይነሣ ያሉት 58 ነበሩ። እርግጥ ነው ከደጋፊዎቹ ብዙዎቹ የሥነ ጥበብ ሰዎች ነበሩ፣ በየቀኑ የሚያቋርጡትም እነርሱ አልነበሩም፤ ቢሆንም «ባለሙያና ሕዝብ ተጋጩ» ብሎ ማለፍ ነገሩን ያቀለዋል። በእኔ እምነት ጥፋቱ የተፈጸመው ከዚያ በፊት ነው፤ በአደባባዩ የሚሠሩት ሰዎች ስለ ሥራው በሰፊው የተጠየቁት ከቆመ በኋላ ነው። ሴራም ለዚያ ቦታ የተሠራን ሥራ ማንሣት ማጥፋት ነው ባይ ነበር፤ ብረቱ እስካሁን ሌላ ቦታ አልቆመም።

ስለ ጊዜያዊነቱ ግን እስማማለሁ፤ ቢያንስ ለሙከራ። ብዙ አገሮች ከሕዝብ ሕንፃ ወጪ ከመቶ አንድ ያህሉን ለሥነ ጥበብ የሚመድብ ደንብ አላቸው፤ ፈረንሳይ ከ1951፣ የአሜሪካዋ የፊላዴልፊያ ከተማ ከ1959 ጀምሮ ሲሠሩበት ቆይተዋል። ደንቡ ገንዘቡን ያስገኛል፤ ገንዘቡ ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ላይ፣ ሕንፃው ካለቀና ንጣፉ ከተነጠፈ በኋላ ስለሚለቀቅ ቀራፂው የሚጠራው የተረፈችውን ክብ እንዲሞላ ነው። የእናንተም ፕላን የዚህ ልማድ ልጅ ይመስለኛል። ቀራፂው ንጣፉ ሳይነጠፍ፣ ከነዳፊው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ ቢጠይቁ ጨረታውም ሌላ መልክ ይይዛል።

መልስ፣ ከቀራፂው

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከመወሰናችሁ በፊት የታሰበውን ቁመትና ስፋት በእንጨትና በሸራ ሠርታችሁ በቦታው አቁሙት። በትንሽ ሞዴል ላይ የሚያምር ነገር በሙሉ ቁመቱ ሲቆም ሰማዩን ሊያጣብብ ወይም ከኋላው ባለው ሕንፃ ተውጦ ሊጠፋ ይችላል፤ ቦታው ላይ ካልታየ አይታወቅም። ሸራው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ጥላው የት እንደሚወድቅ፣ ሰው በየትኛው ጎኑ እንደሚያልፍ፣ ልጆች ከየት በኩል ሊወጡበት እንደሚሞክሩ ያሳያችኋል። ከነፋስ ጋር በደንብ እሰሩት፤ ሸራ እንደ መርከብ ሸራ ይገፋል፣ እንጨቱም ብርቱ ካልሆነ ሌሊት ይወድቃል። ከተቻለም ሳምንት ሙሉ ይቆይ፤ የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን የሚያልፈው ሰው አንድ አይደለም።